ከስልኩ ሥር የተነጠፈው ጥበብ

እኔ ሸማኔ ነኝ። ይህን የምለው አንገቴን ቀና አድርጌ ነው። ጉለሌ ውስጥ በእኔ ጥበብ ያላማረች ሙሽራ አለች የሚለኝ ካለ እጣላዋለሁ! ልጄ ግን ተማሪ ሳለች፣ «አባትሽ ምንድን ነው ሥራው?» ሲሏት «ነጋዴ ነው» ትል ነበር። ዊንጌት አካባቢ ያሉ ልጆች «የሸማኔ ልጅ» እያሉ ያበሽቋት ስለነበር አልፈርድባትም። ብቻ ሲቆረቁረኝ ኖሯል።

ልትዳር ስትል ለመልሷ የምትለብሰውን ቀሚስ እኔው ልሥራልሽ አልኳት። «ደስ ካለህ» አለችኝ። ደስ ካለህ ብቻ! እልህ ያዘኝ። ለማንም ሠርቼው የማላውቅ ጥለት አወጣሁ። አበባ በአበባ፣ ዓይን እስኪጠፋ ድረስ። ያንን ለብሳ ካላየኋት እጄን አጥፌ እቀመጣለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ሲያልቅ ጨርቁን በፌስታል አድርጌ፣ ስልኬን ከላዩ ጣል አድርጌ፣ አዲሱ ገበያ ወዳለችው ልብስ ሰፊ በታክሲ ሄድኩ። ስንወርድ ግፊያ ነበር። ቀና ስል የፌስታሉ ማንጠልጠያ ብቻ እጄ ላይ ቀርቷል። ስልኩስ ገደል ይግባ፤ ሠርጉ ደርሶ ጨርቁ!

ልጄ፣ «አባዬ፣ አይዞህ፣ ያገለገለ ስልክ እፈልግልሃለሁ» ብላ ኢንተርኔት ላይ የስልክ መሸጫ ገጾችን ታገላብጥ ጀመር። ስለ ጨርቁ ምንም አላለችም። አንድ ቀን ግን ድንገት ጮኸች።

«አባዬ! ና፣ ና እስቲ ይህን እይ!»

ስልኬ «በጣም ንጹሕ፣ እንደ አዲስ» ተብሎ ለሽያጭ ቀርቧል። ሥሩስ? ወይ ጉድ! ሰውዬው ፎቶው እንዲያምርለት የልጄን ጥበብ አንጥፎለታል! የተሰረቀ ስልክ በተሰረቀ ጨርቅ ላይ! ከታች ደግሞ አንድ ሰው፣ «ስልኩን ተወው። ያነጠፍከው ጥበብ ይሸጣል? ማን ነው የሠራው?» ብሎ ጠይቋል። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ሳለሁ ደረቴ ነፋ አለ፣ ምን ልዋሽ። ልጄም ያቺን ጥያቄ ደጋግማ አነበበቻት።

ከዚያ ለሻጩ፣ «ስልኩን ከነጨርቁ እገዛለሁ» ብላ ጻፈችለትና ቀጠረችው። ፖሊስ ይዘን ሄድን። ሰውዬው ሁለቱንም ይዞ መጣ፤ ተያዘ።

ጣቢያ ስንደርስ ግን ዓይኑን በጨው አጠበ። «ስልኩ የራሴ፣ ጨርቁ የእናቴ ነው» አለ። ስልኩ ውስጥ የነበረው ሁሉ ጠፍቷል። ካርቶኑን እኔ ድሮ ጥዬዋለሁ።

ፖሊሷ፣ «አባት፣ የእርስዎ ለመሆኑ ማስረጃ አለዎት?» አለችኝ።

አለኝ እንጂ! እኔ ከሠራሁት ጨርቅ ሁሉ ከጫፉ አንዲት ቁራጭ አስቀራለሁ። አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ከኪሴ አወጣኋትና ጠረጴዛው ላይ ከጨርቁ ጋር ጫፍ ለጫፍ ገጠምኳት። ስቆርጥ መሃል ለመሃል የከፈልኩት አበባ ግማሹ እዚያ፣ ግማሹ እዚህ ነበር። ተገናኝቶ ሙሉ አበባ ሆነ።

«የእናትህ ከሆነ ይቺ ቁራጭ እኔ ኪስ ውስጥ ምን ትሠራለች?» አልኩት።

አቀረቀረ። «ሁለቱንም የወሰድኩት ከአንድ ፌስታል ውስጥ ነው» አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስንወጣ ጨርቁን ልጄ ናት የያዘችው፤ እኔ ልያዘው ብላት እምቢ አለች። ታክሲ ስንጠብቅ ስልኳን አወጣችና ያንን ማስታወቂያ ከፈተች። ገና አልተነሳም። ለዚያ ለጠየቀው ሰው መልስ ጻፈች።

«ምን አልሽው?» አልኳት።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ተሰላፊው ሁሉ እየሰማ አነበበችልኝ፦ «አይሸጥም። የመልሴ ልብስ ነው። የሠራው አባቴ ነው፤ ሸማኔ ነው።»