ካድሬው የመረቁት የዕብራይስጥ ትምህርት

ዛሬ እዚሁ ጂንካ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ለከፈተው የጎልማሶች የዕብራይስጥ ትምህርት ልመዘገብ ሄጄ ሳቄ አመለጠኝ። መዝጋቢው ሽማግሌ በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ካድሬ የነበሩት ሰውዬ ናቸው!

ያኔ ጸሎት ቤታችን በደርግ ታሽጎ፣ ቃሉን የምንማረው በድብቅ ነበር። ከጎንደር ተመድቦ የመጣ አንድ የቤተ እስራኤል ልጅ፣ መምህር ነው፣ በመሠረተ ትምህርት ስም ኦሪትን በዕብራይስጥ ያስተምረን ነበር።

አንድ ቀን ካድሬው ዘው አሉ። ሰሌዳው ሙሉ ዕብራይስጥ ነው። በቃ፣ ታሰርን አልን።

«ይሄ የየትኛው ብሔረሰብ ፊደል ነው?»

ደቡብ ኦሞ ላይ ይህን መጠየቅ አያስነውርም። የአካባቢውን ቋንቋ ማን ቆጥሮ ጨርሶት?

«ብዙ የተጨቆነ ብሔረሰብ ነው፣ ጓድ» አለ መምህሩ። አልዋሸም።

«ከኦሞ ማዶ ናቸው?»

«በጣም ማዶ።»

ጓድ ደስ አላቸው። «የብሔረሰቦች እኩልነት ማለት ይሄ ነው!» ብለው አንድ ፓኮ ጠመኔ ላኩልን።

ዛሬ ታዲያ ስሜን እየጻፉ «አይዞሽ እህቴ፣ ዕብራይስጥ ለጂንካ አዲስ ነው፤ ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ» አይሉኝም?

«እሺ ጋሼ» አልኳቸው፤ «ጠመኔው ግን ዘንድሮ በእኔ ነው።»

እናንተስ? ሳያውቁ የመረቋችሁ ካድሬ ነበሯችሁ? እስቲ ጻፉልኝ።