ለአራት ተክል የገዛሁት ቴርሞሜትር

ሀያት የመጀመሪያውን ኬሞ በወሰደች በአራተኛው ቀን ምግብ ሸተታት። ሽሮ ሳሞቅ ከመኝታ ቤት ሆና «ኧረ በናትህ አጥፋው!» አለችኝ። ሀያት ባለቤቴ ናት፤ የጡት ካንሰር ነበረባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበላችው አልረጋ አላት። ክብደቷ እየወረደ ሄደ። አራተኛው ኬሞ ላይ ሐኪሟ፣ በዚህ ከቀጠለ ሕክምናውን ልናቋርጥ እንችላለን አሉ። እንዴት ነሽ ብለው ሲጠይቋት ሀያት እንደ ልማዷ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። እኔም ጅሉ «ደህና ናት» ብዬ አስተረጉማለሁ።

አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ኮንየርስ ውስጥ መጋዘን ነው የምሠራው፤ ዕቃ የሚያነሳውን ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ገና በመጀመሪያው የኬሞ ሰሞን አብሮኝ የሚሠራ ያገሬ ልጅ «ካናቢስ አፒታይት ይከፍታል፣ ትራይ አድርጉት» ብሎ አራት ፍሬ ዘር ሰጥቶኝ ነበር። በጆርጂያ ቤት ውስጥ ማብቀል ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ። ሐኪሟን መጠየቅ ግን አፈርኩ። ሀያት «ሀራም ነው» ብላ ተቆጣች፤ እኔ ለመድኃኒት ነው ብዬ ተከራከርኩ። በሕይወቴ ጤና አዳም እንኳ ተክዬ የማላውቅ ሰውዬ፣ መኝታ ቤታችን ያለውን የልብስ ክሎዜት ባዶ አድርጌ፣ መብራት ሰቅዬ፣ በሚያዝያ ዘሩን ቀበርኩ።

ሐምሌ ገባ። የአትላንታን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ግን ኤሲውን አጥፍቼዋለሁ፤ በሽተኛን ንፋስ ይመታዋል ብለን አይደል ያደግነው? ቀዝቃዛ አየር የሚያወጣውን ቀዳዳ በፕላስተር ለጠፍኩት፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ብርድ ልብስ ደረብኩላት። ሊጠይቋት የሚመጡ ሁሉ «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ማስታመም» እያሉ መረቁኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ያን ሰሞን የተክሎቹ ቅጠል ጠርዙ ወደ ላይ ተጠቀለለ። ቀጥሎ በሴቴ አበባዎቻቸው መሃል ትንንሽ ሙዝ የመሰሉ ቢጫ ነገሮች ወጡ። ፎቶ አንስቼ ዘሩን ለሰጠኝ ልጅ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። «ወንዴ አበባ አውጥተዋል፤ ራሳቸውን አዳቅለው ፍሬ ሊሆኑብህ ነው። ሂት ስትሬስ ነው፤ ሙቀት አስጨንቋቸዋል። ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነው?»

አላውቅም ነበር። ሄጄ ቴርሞሜትር ገዛሁ። ክሎዜቱ ውስጥ ዘጠና ስምንት ፋራናይት አሳየ። ትንሽ ይቀዝቅዝ ብዬ አውጥቼ ከሀያት ራስጌ አስቀመጥኩት። ጠበቅሁ። ዘጠና ሦስት ላይ ቆመ፤ በአገራችን ልኬት ሠላሳ አራት ዲግሪ ግድም።

ያኔ አየኋት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ቆዳዋ ይፋጃል። ከጠዋት ጀምሮ ሽንት አልሸናችም። «ሀያት» አልኳት። በወንድሟ ስም ጠራችኝ። ለተክል ቴርሞሜትር ገዝቻለሁ። ለእሷ አልገዛሁም።

አምቡላንስ ጠራሁ። ሆስፒታል ግሉኮስ ሰቀሉላት። ሐኪሟ መጡ።

«ቤታችሁ ኤሲ የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ?»

ሁሉንም ተናገርኩ፤ ንፋሱንም፣ ደህና ናት እያልኩ ማስተርጎሜንም፣ ክሎዜቱንም። አልጮሁብኝም። «ሰውነቷ ውሃ ጨርሷል። ጥቂት ብትዘገይ ሂት ስትሮክ፣ የሙቀት ምት፣ ይጥላት ነበር። ነጭ የደም ሴሏም ወርዷል፤ ተክሉ ሻጋታ ቢኖረው ሳንባዋን ይጎዳው ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «ለማቅለሽለሹ ስንት መድኃኒት አለኝ። ለምን አልነገራችሁኝም?» አለቀስኩ።

ሀያት አምስት ቀን ተኝታ ወጣች። እሷ ሳትመለስ አራቱን ተክሎች ነቅዬ ጥያቸው ነበር፤ አንዲትም ቅጠል አልቀመሰችም። ኤሲውን ከፍቼ፣ የለጠፍኩትን ፕላስተር በጥፍሬ ፍቄ አንስቼ፣ ቴርሞሜትሩን ከራስጌዋ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። በአዲሱ የማቅለሽለሽ መድኃኒት መጀመሪያ የረጋላት ቀዝቃዛ ሀብሀብ ነበር፤ ከዚያ ቀስ በቀስ አጥሚቱንም፣ ሾርባውንም፣ በመጨረሻ ያን ያባረረችውን ሽሮ ራሷ ጠይቃኝ በላች፤ ስድስተኛውን ኬሞም ክብደቷ ሳይወርድ ጨረሰች።

በሽተኛ የምታስታምሙ ወገኖቼ፣ ሐኪም እንዴት ናት ሲላችሁ ሰላምታ እንዳይመስላችሁ። ስንቴ እንዳስመለሳት፣ ምን እንዳልበላች፣ የምታፍሩበትንም ነገር ጭምር ንገሩ። ሙቀትን በግምት አትለኩ። እኔ አላህን፣ ቀጥሎም እኚያን ወንበር ስበው አጠገቤ የተቀመጡ ሐኪም አመሰግናለሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ የውጪው ሙቀት በረድ ብሎ ኤሲውን በመስኮት ተክተን ሳለ፣ አንዲት ጎረቤታችን እናት ሀያትን ሊጠይቁ መጡ። ገና ሳይቀመጡ የተከፈተውን መስኮት አዩና «ልጄ፣ ንፋስ ይመታሻል» ብለው ሊዘጉት ተነሡ። ሀያት ቴርሞሜትሩን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ይምታኝ፣ እማማ» አለቻቸው።