ስሕተትን በቀይ ያልጻፈችው ጽጌማርያም

የላሊበላው የብራና ቁም ጸሐፊ የመሪጌታ ደግሰው ልጅ ጽጌማርያም የያዘችው ሥራ ለጎረቤት ለማስረዳት አይመችም። ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች ኮዳቸው ሲበላሽባቸው፣ የተበላሸበትን ቦታ የሚያሳያቸውን መሣሪያ መልክ ትነድፋለች፤ ቀለሙን፣ መስመሩን፣ ምልክቱን። የሰፈሩ ቀልደኞች «የስሕተት ሠዓሊ» ይሏታል። እሷም ስቃ ታልፋለች።

ዘንድሮ አዲስ አበባ ላለው መሥሪያ ቤቷ አዲስ ንድፍ ሠራች። ከተወደደላት እዚሁ አገሯ ሆና ትቀጥላለች፤ ካልሆነ ጓዟን ጠቅልላ አዲስ አበባ መግባቷ ነው። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም።

በመጀመሪያ የሞከረላት ድረ ገጽ መሥራት የሚማረው ዲያቆን ተክለ ሚካኤል ነበር። የተሳሳተው መስመር በቀይ ደምቆ ወጥቷል። ዲያቆኑ ግን እሱን ዘሎ ሌላ ሌላውን ይበረብር ጀመር።

«አንተ፣ ቀዩ አልታየህም?»

«ታየኝ እንጂ። የከበረውን ትቼ ጥፋቱን እየፈለግሁ ነው።»

ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ገታችው። በብራና ላይ በቀይ የሚጻፈው የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ነው። የተሳሳተ ቃል ከላይና ከታች በሰረዝ ይታጠራል እንጂ ቀይ አይነካውም። በዚያ ቤት አድጋ፣ ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ይህን ሁሉ ረስታው ኖሯል።

ንድፉን አፈረሰችው። ቀዩን አነሣች፤ ስሕተቱን ከላይና ከታች አጠረችው።

የክፍሉ ኃላፊ ኢክሪማ ደወለላት። «ጽጌ፣ ዓለም በቀይ የተስማማበትን አንቺ ከላስታ ተነሥተሽ ልትሽሪው ነው?»

«አልሻርኩም ወንድሜ። የክፍልህ ልጆች ይሞክሩትና ይፍረዱ።»

ሞከሩት። ከሁሉም ቀድሞ ጥፋቱን ያገኘው ሙሉሃብት ሆነ። ሙሉሃብት ቀይና አረንጓዴ አይለይም፤ ሥራ ከጀመረ አንሥቶ «ቀዩ የቱ ነው?» እያለ አጠገቡ ያለውን ሲጠይቅ የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ማንንም አልጠየቀም።

ኢክሪማ እንደገና ደወለ። «ተሸነፍኩ። እዚያው ተቀመጪና የሚቀጥለውንም ንደፊልን።»

ጽጌማርያም ኮምፒውተሯን ታቅፋ አባቷ ዘንድ ገባች።

«አባባ፣ አዲስ አበባ መሄዴ ቀረ።»

«ልትሄጂ እንደነበርስ መቼ ነገርሽኝ?» አሉ መሪጌታ።

ኮምፒውተሯን ከፍታ ሥራዋን አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ታጥሮ የተቀመጠውን መስመር ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ቀና አሉ።

«ይኸማ የእኛ ቤት እጅ ነው» አሉ፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ቀልደኞች እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።