ሲያትል ናት ያልኳት ሚስቴ

ሚስቴ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን የተደረገች ጊዜ ለሰው ሁሉ ሲያትል ሄዳለች ብዬ ዋሸሁ። ውሸቱ የእኔ ነው፤ ምክንያቱ ግን የእሷ ነበር። ትንሽ ትልቅ ሳትል፣ ቤታችን ሰው ሲገባ ብድግ ብላ "ኖር" ሳትል ተቀብላ አታውቅም። ከሆስፒታል የወጣች ዕለት፣ ታላላቆቼ ሊጠይቁኝ መጥተው እንደ ግንድ ተጋድሜ አልቀበላቸውም፣ በራሴ እስክነሳ ድረስ ማንም እንዳይሰማ አለችኝ። እኔም የሐበሻ ሱቆች በሞሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ መጀመሪያ ለጠየቀኝ ሰው፣ የእህቷ ልጅ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ሲያትል ሄዳለች አልኩት። በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ አወቀው።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሁላችንም እንደ እናት የምናያቸው አንዲት እትዬ አሉ። በሁለተኛው እሁድ ለሕፃኑ ብለው በእጃቸው የሠሩትን ነጭ የሹራብ ኮፍያ አምጥተው ሰጡኝ። የሌለ ሕፃን ኮፍያ ተቀብዬ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለሚስቴ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀችና፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ብቻ ጠብቅ አለችኝ።

እግሯን የሚያለማምዳት ቴራፒስት በየቀኑ ካልተራመደች ጉልበቷ ደርቆ እንደሚቀር ነግሯታል። መፈተኛው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ከወንበር ላይ በእጇ ምንም ሳትደገፍ መነሳት። ያን እስክትችል ተደግፋ የምትሄድበትን ዎከር መጣል የለም፣ ሥራ መመለስም የለም። እኛ ሰፈር የዛፍ ሥር የእግረኛውን መንገድ ገልብጦታል፤ ደህና ቢሆንም በየሱቁ በር የሚያውቀን ሰው ቆሟል። ሶ፣ በየጠዋቱ ሳንታ ሞኒካ ድራይቭ አድርጌ፣ ፓርክ አድርጌ፣ አሸዋው መሃል ወዳለው የባሕር ዳር መንገድ እወስዳታለሁ። ሲሚንቶው ልሙጥ ነው፣ ብስክሌቱ በአንድ በኩል እግረኛው በሌላ በኩል ይሄዳል።

ታክሲ በነዳሁበት ዘመን እዚያ ባሕር ዳር ስንቱን ቱሪስት አውርጃለሁ፤ ተራራውን ግን አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። ለካ በስተሰሜን በኩል ድርብርብ ብሎ ወርዶ ባሕሩ ውስጥ ይገባል። እግርሽን እያየሽ አትራመጂ ስለተባለች ዓይኗን እሱ ላይ ተክላ ነበር የምትሄደው። ጉም የሸፈነው ቀን ትበሳጫለች። እኔ ቀስ ብሎ መሄድ አልችልበትም፣ ሳላውቀው ቀድሜያት እሄዳለሁ። ተሳፋሪ የሚጠብቅህ ይመስል ምን ያስሮጥሃል ትለኛለች።

የሄደችውን ርቀት በዋናተኛ ጠባቂዎቹ ሰማያዊ ማማ ነበር የምንለካው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማማ፣ በአራተኛው አራት ማማ ደረሰች። መራመዱ እንዲህ እየቀናት መነሳቱ ግን እምቢ አላት። አግዳሚ ወንበር ባገኘን ቁጥር ትቀመጥና ትሞክራለች፤ ግማሽ ድረስ ትነሳና ተመልሳ ዘፍ ትላለች። እጄን ስዘረጋላት በመዳፏ መታ አድርጋ ትመልሰዋለች። አንድ ቀን ሦስቴ ሞክራ ሲያቅታት አለቀሰች። "ቁጭ ብዬ ልቀር ነው እኮ" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ሰማዩ በጠራበት አንድ ቀን፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ስናርፍ ባሕሩ ውስጥ ከገባው የእንጨት ድልድይ በኩል የማውቀው አረማመድ ሲመጣ አየሁ። እትዬ ነበሩ። ለካ ለስኳራቸው ሐኪም ይራመዱ ብሏቸው በባቡር እየመጡ እዚያ ይራመዳሉ። ፊትሽን ወደ ባሕሩ አዙሪ፣ ሳያዩን ያልፋሉ አልኳት።

"ከእሳቸውማ ፊቴን አላዞርም" አለች።

ዎከሩ በእኔ በኩል ስለነበር ልገፋላት እጄን ሰደድኩ። ዞራም አላየችው። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣመረች፣ ወደ ፊት ጎንበስ አለች፣ ትንፋሿን ሳበች። ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ ከሱሪዋ ላይ ይታያል። ግማሽ ላይ ደረሰች፤ አሁን ትወድቃለች ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል ቀጥ ብላ ቆመች።

"ኖር፣ እትዬ" አለች።

እትዬ ባሉበት ቆሙ። እሷን አዩ፣ ዎከሩን አዩ፣ ነገሩ ገባቸው። "በእግዜር" አሉ። "ታመሽ ካልጠየቅንሽ፣ እኛ ምንሽ ነን ልጄ?"

"ተነስቼ ልቀበልዎ ብዬ ነው" አለቻቸው።

አቅፈዋት ረጅም ጊዜ ጸለዩ። እስኪጨርሱ ድረስ ምንም ሳትይዝ ቆመች። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም፤ ልጃችን የተመረቀች ዕለት እንኳ እንዲህ አልሆንኩም። የሚያልፈውን ብስክሌተኛ ሁሉ እያስቆምኩ፣ ይቺን ሴት ያገባሁት እኔ ነኝ ልለው ዳድቶኝ ነበር።

ጸሎቱ ሲያበቃ እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ስለ ሲያትሉ ሊቆጡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "የአንተስ ጉልበት ምን ሆነ?" አሉኝ።

ያኔ ነው የነቃሁት። ሁለት ጤነኛ ጉልበት ይዤ፣ እትዬ ፊቴ ቆመው፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ እንዳልኩ ነበር።