ሸክላው ላይ የተጻፈው የትውልድ ቦታ

ባለፈው ዓመት ጥቂት የሙዚቃ ወዳጆች ለአንድ ሟች የዜማ ደራሲ የመታሰቢያ ምሽት ሊያዘጋጁ አሰቡና የሕይወት ታሪኩን እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። እኔ ሀዋሳ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። አባቴ ደግሞ ከደሴ ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ደራሲው የወጣትነት ጓደኛቸው ነበር፤ "የአገሬ ልጅ" እያሉ ሲኮሩበት ነው ያደግኩት። ሥራውን ስቀበል እኔም ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር።

አንድ ገጽ ይበቃ ነበር። ግን መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ተገተርኩ። የት ተወለደ? የመጀመሪያ የሙዚቃ ሸክላው ሽፋን ደሴ ይላል። ሲሞት የወጣው ጋዜጣ ይርጋለም ይላል። አንድ የሬዲዮ ዝግጅት "የሀዋሳ ተወላጅ" ብሎታል፤ እሱ በተወለደበት ዘመን ግን እዚህ ሐይቁ እንጂ ከተማው አልነበረም። የራሱን ድምፅ የያዘ አሮጌ ቃለ መጠይቅ ፈልጌ አገኘሁ። ጠያቂው ስለ ትውልድ ቦታው ሲያነሳበት ሳቀና አኮርዲዮኑን መጫወት ጀመረ።

ታናሽ እህቱ ከሀዋሳ ወጣ ብሎ ቱላ እንደሚኖሩ ሰማሁና ከመናኸሪያ በሚኒባስ ሄድኩ። እንሰት በከበበው ግቢያቸው ወንበር አወጡልኝ። ገና ጥያቄዬን ሳልጨርስ እጃቸውን ወደ ጓሮ ዘረጉ።

"እዚያ ጋ ነበር ቤቱ። እዚያ ነው የተወለደው። እኔም እዚያው ነኝ።"

"ሸክላው ግን ደሴ ይላል፣ እማማ።"

ወደ ቤት ገቡና ሸክላውን ይዘው ወጡ። ማጫወቻ እንኳ የላቸውም። "እናታችን ማንበብ አትችልም ነበር" አሉ። "ጎረቤት መጥቶ አነበበላት። 'ልጅሽ ደሴ ተወለደ ይላል' አላት። 'እኔ ታዲያ ማንን ነው የወለድኩት?' አለች። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ በሬዲዮ ሲመጣ ተነስታ ትወጣ ነበር።"

ሽፋኑን ተቀብዬ ጀርባውን አነበብኩ። "በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ደመና ዝቅ ብሎ ሰው በሚስምባት ከተማ እትብቱ የተቀበረ" ይላል። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ደመና ዝቅ ብሎ ሰው ይስማል የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ልጆች ሳለን ስለ ደሴ ስንጠይቃቸው አባቴ ይህንኑ ነበር የሚሉን።

"ማን እንደጻፈው አላውቅም" አሉ ሴትየዋ። "ባውቀው እጠይቀው ነበር።"

የአባቴን ስም ሳላነሳ ሽፋኑን መለስኩላቸው። ስነሳ ከጓሯቸው አቮካዶ በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ተቀብዬ ወጣሁ።

አባቴን በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። "የሸክላውን ጽሑፍ የጻፉት እርስዎ ነዎት?" አልኳቸው ሳልቀመጥ።

"እኔ ነኝ!" አሉ፤ ፊታቸው በራ። "ምነው፣ አማርኛው አያምርም?"

"ሰውየው የተወለደው ቱላ ነው፣ አባባ። እናቱ ሰምተው አዝነዋል።"

ፊታቸው ጠቆረ። "አውቃለሁ" አሉ። "ደሴ በል ያለኝ እሱ ራሱ ነው። የሲዳማ ልጅ የደረሰውን የአማርኛ ዘፈን ማን ይገዛል ብለው ሸክላ አሳታሚዎቹ አስፈራርተውት ነበር።"

አላመንኳቸውም። "ሟች አይመሰክርም ብለው ነው?" አልኳቸው።

ለአባቴ እንዲህ ያለ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ቀና ብለው አዩኝና ከዘራቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። ራት ሳይበሉ ተኙ።

በማግስቱ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር። "ውሰደኝ" አሉ። ባጃጅ ተኮናትረን ወደ ቱላ ሄድን።

እህቱ ወንበር ቢያቀርቡላቸውም አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን አወለቁና "እህቴ፣ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አሉ።

ሴትየዋ ጠጋ አሏቸው። "ወንድሜ ነው እንደዚህ ጻፍ ያለዎት?"

እኔ ወደ አባቴ ዞርኩ።

"የለም" አሉ አባቴ። "እሱ አላለኝም። የአገሬ ልጅ ላደርገው ብዬ በራሴ የጻፍኩት ነው።"

"እናቴ ልጄ ካደኝ ብላ ነው የሞተችው" አሉ ሴትየዋ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። አባቴ አቀርቅረው ቆሙ። ሴትየዋ ወንበሩን አስጠጉላቸውና "ይቀመጡ፤ ሽማግሌ ቆሞ አይውልም" አሉ። ይቅር ብያለሁ ግን አላሉም። ወተት በኩባያ አመጡልን፤ ጠጣን።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ አላስቻለኝም። "ስለዚህ ትናንት የነገሩኝ ውሸት ነበር?"

"ምን ያደርግልሃል?" አሉ መንገዱን እያዩ። "እሷ ወንድሟ እናቱን እንዳልካደ አውቃ ትኑር።"

የቱ እውነት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት ለእኔ ዋሽተው ለሴትየዋ እውነቱን ነገሯቸው። ምናልባትም የጓደኛቸውን ጥፋት ተሸከሙ። ይህን ሁሉ ሳስብ አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ በባጃጁ መንገጫገጭ ጉልበታቸው ጉልበቴን ይነካኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ ለማለት አፌ አልተከፈተም።

በመታሰቢያው ምሽት "ቱላ ተወለደ" ብዬ አነበብኩ። አንድ ሰው እጁን አወጣ። "ሸክላው ደሴ ነው የሚለው። ማን ተሳሳተ?"

አባቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። "ሽፋኑን የጻፈው ሰው ነው የተሳሳተው" አልኩ። ሰውየው የጻፈው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። "አይታወቅም" አልኩት።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡት የደራሲው እህት ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። አባቴ እንኳ ያልደበቁትን እኔ በሰው ፊት ደበቅሁት። ስሜን ጠርተው ሲያጨበጭቡልኝ ወረቀቱን ማጠፍ አቅቶኝ ጨብጬው ነበር። ሲያልቅ ሴትየዋ አባቴን ክንዳቸውን ይዘው ደረጃውን አወረዷቸው። እኔ ከኋላ ቀረሁ፤ ከመሃላቸው ገብቼ ልደግፋቸው አልደፈርኩም።