የሚተነፍሰው የግፊት መለኪያ

እናቱ ያወጣችለትን ስም የምታስታውስ ባለቤቱ ብቻ ናት። ሌላው ሰው ሁሉ «ጠርጥር» ይለዋል፤ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ከሚለው ተረት ተቆርሶ የተሰጠው ነው። ሥራው ጎሚስታ ነው። ዋናው መንገድ ታጥፎ ቁልቁለቱን ከሚጀምርበት ቦታ፣ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ በግማሽ በርሜል ውሃ ሞልቶ ሠላሳ ዓመት ተቀምጧል። ሹፌር የተነፈሰ ጎማ ይዞ መጥቶ «አንድ ቀዳዳ ናት፣ እዚች ጋ» ሲለው፣ «አንተ መንዳቱን እወቅ፤ ቀዳዳውን ውሃው ይናገራል» ይለዋል።

እንዲህ የሆነው በከንቱ አይደለም። ጀማሪ ሳለ የአንድ ሹፌር ቃል አምኖ አንዲቱን ቀዳዳ ብቻ ለጥፎ ሸኘው። ሁለተኛዋ ቁልቁለቱ መሀል ላይ ጉድ አፈላች። የሹፌሩ ነፍስ ተረፈች፤ ግን እስከ ዛሬ እያነከሰ ባለፈ ቁጥር «ደህና ዋልክ ወዳጄ?» ይለዋል። ያቺ «ወዳጄ» እንደ ሚስማር ትሰካበታለች። ከዚያ ወዲህ ጠርጥር ውሃ ያልነከረውን አያምንም። የሚያሙት ሰዎች «ቢችል ሰውንም እየነከረ ባየው ነበር» ይላሉ።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። ደም ግፊት አለብሽ ከተባለች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ክኒኗን ትውጣለች፣ በየወሩ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትለካለች። ሆስፒታሉማ፣ መኪና ከተገኘ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከሁለት ወር በፊት ከጤና ጣቢያው እየሳቀች ተመለሰች።

«ወርዶልሻል፣ ለጊዜው ክኒኑን ተይው አለችኝ ነርሷ!»

«ተይው?» አለ ጠርጥር። «አልቆባቸው ይሆናል። መድኃኒት ሲያልቅ በሽተኛ ሁሉ ይድናል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ደስታን እንኳ ሳትነክር አታሳልፍም?»

ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከእሷ ላይ አላነሳም። ሰንበትበት ሲል መርፌዋ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅታት አየ። ማጅራቷን ደግፋ ስትቀመጥም አየ። «ምን ሆንሽ?» ሲላት «ጎንበስ ብዬ ስለዋልኩ ነው፣ ምንም አልሆንኩ፣ ተወኝ» ትላለች። ይህችን ሴት ያውቃታል፤ ስትዋሽ ቶሎ ቶሎ ነው የምትናገረው። የቀጠሮዋ ቀን በርሜሉን ከደነና የሥራ ቦርሳውን አንግቶ አብሯት ሄደ።

የጤና ጣቢያው አግዳሚ ሞልቷል። ጠርጥር በሩ ላይ ቆሞ የሚወጣውን ሁሉ ይጠይቅ ጀመር።

«አናጢው፣ ስንት አለችህ?»

«ወርዷል አለችኝ፣ ተመስገን።»

«አንቺስ እትዬ?»

«የኔም ወርዷል። ክኒን አያስፈልግሽም ተብያለሁ።»

ሦስተኛውም አራተኛውም ሰው ወርዶለታል። ጠርጥር ጢሙን ያፍተለትል ጀመር። «የአንድ አገር ሰው እንዴት ተስማምቶ በአንድ ጊዜ ይድናል? እኛ ለቀብር እንኳ በአንድ ሰዓት ተገናኝተን አናውቅ!» ነርሷን በልቡ ከሰሳት። ክኒኑን ወይ ደብቃዋለች፣ ወይ ሸጣዋለች። የታመመ ሰው ከሌለ ክኒኑ የት ገባ ብሎ ማን ይጠይቃታል?

ተራቸው ደረሰ። ነርሷ ገና ልጅ ናት፤ ዓይኗ በድካም ቀልቷል። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካች፣ ጨርቁን በባለቤቱ ክንድ ላይ ጠመጠመችና የጎማ ኳሷን እየጨመቀች ትነፋው ጀመር። ጠርጥር እጇን እጇን እያየ ማታለያዋን ይጠብቃል። መጨመቋን ስታቆም ክፍሉ ጸጥ አለ። ያኔ ሰማው። ስስስ የሚል፣ ሠላሳ ዓመት የሚያውቀው ድምፅ።

«መቶ ሃያ አምስት» አለች ነርሷ። «ጥሩ ነው እትዬ።»

«ይተነፍሳል» አለ ጠርጥር።

«ማን?»

«መለኪያሽ ነዋ! አንቺ ጆሮሽን ደፍነሽ እንዴት ትሰሚው።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የመኪና ጎማ አይደለም።»

«የማንም ይሁን፣ ጎማ ጎማ ነው። በሳፋ ውሃ አምጪልኝ።»

«የመንግሥት ንብረት ነው፣ አላስነካም!»

«ንብረቱ የመንግሥት ይሁን። ሚስቲቱ የኔ ናት።»

ባለቤቱ አፈረች። «ተው፣ አታዋርደኝ» ብላ ብድግ ስትል ተንገዳገደችና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ነርሷ ይህን አየች። ምንም ሳትናገር ጨርቁን በራሷ ክንድ ጠምጥማ ነፋችና ጠቋሚውን ተመለከተች። ማስተንፈሻውን ሳትነካው ጠቋሚው ወደ ታች ይሮጣል።

«ቀስ እያለ ነበር መውረድ ያለበት» አለች። «እንዲህ ሲሮጥ የላይኛው ቁጥር ያመልጠኛል።»

ሳፋውን ራሷ አመጣች።

ጠርጥር ሰዓት የመሰለውን ቆጣሪ ነቅሎ አስቀመጠ፤ ቱቦውን ከእነኳሱ ውሃ ውስጥ ነክሮ ጨመቀው። ከኳሷ አንገት ሥር ጥቃቅን አረፋ ተከታትሎ ወጣ። የፀጉር ያህል የቀጠነች ስንጥቅ ናት። አደረቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ ማስቲሽ ቀብቶ በስስ ጎማ ጠቀለለው። ማስቲሹ እስኪደርቅ ነርሷ ጥፍሯን በላች። ከዚያ ባለቤቱን እንደገና ለካቻት።

«መቶ ዘጠና በመቶ አሥር።»

ጠርጥር ግን አልጨረሰም።

«አሁን የመድኃኒቱን ሳጥን ክፈቺ፣ ልየው።»

ነርሷ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ፊቷ ተለዋወጠ። ቁልፉን አውጥታ ከፈተችው። ሳጥኑ በግፊቱ ክኒን እስከ አፉ ሞልቷል።

«የሚወስደው ሰው ጠፍቶ ነው የተከማቸው» አለች።

ጠርጥር አንገቱን ደፋ። «ስላሰብኩት ነገር ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

እሷ ግን አልሰማችውም። መዝገቡን ገልጣ ጣቷን በየመስመሩ እያወረደች «ሁሉንም ወርዷል ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ!» ትላለች። ባለቤቱን ክኒኗን አስውጣ አልጋው ላይ አሳረፈቻት። «ካልወረደላት ዛሬውኑ ሆስፒታል መሄድ አለባት» አለች። ጠርጥር «የዚህ መንገድ ሹፌር ለኔ እንቢ አይልም» አላትና ወጥቶ የተሸኙትን በሽተኞች ተጣራ።

«አናጢው! ተመለስ! ያልዳናችሁ ሁላችሁም ተመለሱ!»

ግማሹ ተመለሰ፤ ግማሹ ጋራውን ዞሮ ሄዷል፤ መልእክት ተላከለት። ከቀትር በኋላ የባለቤቱ ግፊት ቀነስ አለ። እሷም ጋደም እንዳለች፣

«አንተም ክንድህን ስጣት» አለችው።

«እኔ ምን ሆንኩና?»

«እሱን ነው የምጠረጥረው።»

ተቀመጠ፤ ተለካ።

«መቶ ስልሳ አምስት» አለች ነርሷ።

ጠርጥር ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ቱቦው ላይ ለጠፈ። ምንም ድምፅ የለም።

«ምነው?» አለች ባለቤቱ ከአልጋው ላይ። «የለጠፈው ሰው አያስተማምንም?»

ያ «ወዳጄ» የሚለው ሹፌር እያነከሰ ሲያልፍ በዓይነ ሕሊናው ታየው። «ድገሚው» አለና ሌላውን ክንዱን ዘረጋ።