አባባ ያለበት ቅጂ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴንም ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልገፋሁም። ወንድሜ ታደለ የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎቻችንን ለሕዝብ ሊያወጣ ስለሆነ፣ እንዴት እንደቀዳናቸው ጻፊ አለኝ። የአባባን ድምፅ ግን ከአንዱ ቅጂ ቆርጦ ሊያወጣው ፈልጎ ነበር።

ልጅ እያለሁ ጨንቻ ላይ ሦስት ሆነን ለሙዚቃ እንሰበሰብ ነበር። የታደለ ጊታር ሁለት ክር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ በተቀደደ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ሲያንጫርረው የሰፈሩ ውሾች ይጮሃሉ። ጓደኛው ካሱ ቆርቆሮ ድንጋይ ላይ ይፍቃል። ጎረቤት እብዶቹ ይለን ነበር። እኔ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም፤ ያን ጩኸት ስሰማ ግን ደረቴ ይከፈታል። መስማት ብቻ አልበቃኝም።

የምፈልገው የአባባን የሽመና ዕቃ ነበር፤ ሲረግጡት የሚያቃስተውን፣ ክር የያዘው መወርወሪያ ሲያልፍ የሚንሿሿውን። በእኛ ዘንድ የሚሸምነው ወንድ ነው፤ ሴት ትፈትላለች። ለታደለ ስነግረው አባባ ይገድለናል አለ። ካሱ ግን ሳቀ። «ተዋት፣ በአፏ እንቢ ካላት በእግሯ ታውራ።»

አባባ ገበያ በሄደበት ቅዳሜ ወደሚሸምንበት ቤት ገባን። ውጭው ጉም፣ ቤቱ የጥጥና የእርጥብ ቀርከሃ ሽታ ነበር። ድምፁን እንዲቀዳ የታደለን ስልክ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ሰካነው። እግሬን ከሽመናው ዕቃ ሥር ባለው ጉድጓድ ከትቼ፣ አባባ ገና ያልጨረሰው ጋቢ እንደተወጠረ መርገጫውን መርገጥ ጀመርኩ። መሀል ላይ በሩ ተከፈተ። አባባ ነበር። ታደለና ካሱ ቀጥ አሉ። እኔ ግን አላቆምኩም። ካቆምኩ ዳግመኛ እዚያ እንደማልቀመጥ አውቅ ነበር። እግሬ መርገጡን ቀጠለ።

አባባ ቆሞ አየኝ፣ አየኝ። ከዚያ፣ «ግራውን ቀስ አድርገሽ ርገጪ፣ ድሩ ይበጠሳል» አለኝና ጥግ ላይ ተቀመጠ። ታደለም ጊታሩን መልሶ አነሳ። ይኼ ሁሉ ተቀድቷል።

ዛሬ አባባ የለም፤ የጨንቻው ቤትም ተዘግቷል። እኔ አርባ ምንጭ ሙዝ እሸጣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የምሰማው የባጃጅ ጥሩምባ ነው። ታደለ አዲስ አበባ በሙሉ መሣሪያ ይጫወታል። ትናንት ደውሎ፣ ስቱዲዮ ያሉት ሰዎች የሽማግሌው ንግግር ሙዚቃውን ያበላሸዋል ይላሉ አለኝ።

እንደ ድሮው ዝም አላልኩም። የአባባ ድምፅ ከወጣ የእኔም እግር ይውጣ፣ ስሜንም እንዳትጽፍ አልኩት። እንዲህ ስናገር ሰምቶኝ አያውቅም።

«እሺ በቃ» አለኝ። «አባባን ማንም አይነካውም።»